የጥርስ ክሊኒክ ተቆጣጣሪው ጥያቄዎች ከየት መጡ?



ዛሬ እንደ ወትሮው የአንድ በሽታ ምልክትና ሕክምና ዘርዝሬ አልሄድም። ትንሽ ረዘም ያለ ታሪክ ይዤ መጥቻለሁ። ልጆቹ ሲተኙላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን አንዲት እናት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። ልጇን ጥርስ ልታስነቅል ቀጠሮ ይዛለች። የምትፈራው መርፌውን ወይም ሕመሙን አይደለም። ዕቃው በደንብ መጽዳቱን ብትጠይቅ ሐኪሙ ይቀየማት እንደሆነ ነው የፈራችው። መልእክቷን ሳነብ ፊቴ ጋለ፤ እኔም በዚያው ፍርሃት ተይዤ አውቃለሁና።

ልጄ 6 ዓመቷ ሳለ የታችኛው መንጋጋ ጥርሷ ተበልቶ ሌሊት ታለቅስ ነበር። ወደ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ወሰድኳት። ቤቱ ያምራል፣ ወለሉ ያበራል፣ ግድግዳው ላይ የሚስቁ ልጆች ሥዕል አለ። ከእኛ በፊት የነበሩት ሰውዬ ከወንበሩ ሲነሡ ረዳቷ መቦርቦሪያውን በአልኮል በነከረችው ጥጥ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ወደ ቦታው መለሰችው። ከዚያ ልጄ ወንበሩ ላይ ወጣች።

እኔ ሐኪም ነኝ። በጥጥና በአልኮል መጥረግ ስቴሪላይዝ ማድረግ እንዳልሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ግን ዝም አልኩ። ሐኪሙ ትሁት ሰው ነበር፤ «ዶክተር» እያለ አክብሮኛል፤ ተራ እንዳልጠብቅም አስቀድሞናል። እንዴት ብዬ ልጠይቀው? ይሉኝታ ያዘኝ። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መጨረሻውን በኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ያን ሌሊት ያብሰለሰለኝን ጥያቄ አብረን እንመልከት። አንድ የጥርስ ክሊኒክ ደህንነቱ የተጠበቀ መሆኑን ተቆጣጣሪ መጥቶ ሲፈትሽ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። ፈቃድህን አሳየኝ፣ ዕቃህን በምን ታነጻለህ፣ መዝገብህ የታለ፣ ውሃህን መርምረሃል ወይ፣ ኦክስጅን አለህ ወይ ይላል። ነገሩ የቢሮ ወረቀት ይመስላል። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጀርባ የታመመ ወይም የሞተ ሰው አለ። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጥያቄ 1፦ መንቀያውን የያዘው ማነው?

ጥርስ መንቀል ለብዙ ዘመን የሐኪም ሥራ አልነበረም። በአውሮፓ ፀጉር አስተካካዩ፣ አንጥረኛውና ገበያ ለገበያ የሚዞረው ጥርስ ነቃይ ይሠሩት ነበር። በእኛም አገር ጥርስ የሚነቅሉ፣ የሕፃናትን «ግግ» እናወጣለን የሚሉ፣ እንጥል የሚቆርጡ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም አልጠፉም።

እንግሊዞች የጥርስ ሐኪሞችን መዝገብ የሚያቋቁም ሕግ ያወጡት በ1878 ነው። ሕጉ ግን ትልቅ ቀዳዳ ነበረው። ያልተመዘገበ ሰው «የጥርስ ሐኪም ነኝ» ብሎ እንዳይጠራ ከለከለ እንጂ ጥርስ ከመንቀል አላገደውም። ስለዚህ ማንም ሰው ማስታወቂያውን በሌላ ቃል ጽፎ ሥራውን ቀጠለ። ቀዳዳው የተዘጋው በ1921 በወጣው ሕግ ነው። ከዚያ ወዲህ በመዝገብ ላይ የሌለ ሰው የጥርስ ሕክምና እንዳይሰጥ ተከለከለ። ከመጀመሪያው ሕግ እስከዚያ 43 ዓመት አለፈ።

ተቆጣጣሪው ገና ሲገባ ፈቃድ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ያማረ ስምና የተማረ እጅ አንድ አይደሉም።

ጥያቄ 2፦ ዕቃው በምን ይነጻል?

ብዙ ወላጆች «ተቀቅሏል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው መልካም ነው፤ ግን መቀቀል ብቻውን አይበቃም። በ1870ዎቹ ሳይንቲስቶች አንዳንድ ባክቴሪያዎች ራሳቸውን በጠንካራ ቅርፊት ሸፍነው እንደሚተኙና የፈላ ውሃ እንደማይገድላቸው ተረዱ። ይህን ቅርፊት ለበስ መልካቸውን ስፖር እንለዋለን።

መፍትሔው ከማድ ቤት ብዙ የራቀ አልነበረም። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ እንፋሎቱ እንዳይወጣ አጥብቀው ከዘጉት ግን ግፊቱ ይጨምርና ሙቀቱ ከ100 በላይ ይወጣል። የፕሬዠር ድስት ባቄላን ቶሎ የሚያበስለው ለዚህ ነው። በፓሪስ ከሉዊ ፓስተር ጋር ይሠራ የነበረው ሻርል ሻምበርላን በ1879 በዚህ ሐሳብ አውቶክሌቭን ሠራ። ዛሬም ዋናው መንገድ ይኸው ነው፤ የግፊት እንፋሎት በ121 ዲግሪ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ፣ ወይም በ134 ዲግሪ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ።

እዚህ ላይ አንድ የእኛን ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ እኛ ዘንድ «ቀቅዬዋለሁ» ማለት ከባሕር ዳርቻ ከተሞችም ያነሰ ዋስትና ነው ማለት ነው።

አውቶክሌቩ ቢፈለሰፍም በየጥርስ ሐኪሙ ቤት ቶሎ አልገባም። ዊልያም ሀንተር የሚባል የለንደን ሐኪም በ1900 የቆሸሸ አፍና የቆሸሸ የጥርስ ሥራ የሰውነት ሕመም ምክንያት ይሆናል ብሎ ጻፈ፤ በ1910 ደግሞ በካናዳ ሞንትሪያል ባደረገው ንግግር የጥርስ ሐኪሞችን አጥብቆ ወቀሰ። ሐሳቡ ከልክ አልፎ ብዙዎች ጤነኛ ጥርሳቸውን ጭምር እንዲያስነቅሉ ምክንያት ሆኗል፤ ይህ ስሕተት ነበር። ነገር ግን አፍ ከቀረው ሰውነት ተለይቶ የሚኖር እንዳልሆነ ሐኪሞችን ያስታወሰ ንግግር ነው።

ጥያቄ 3፦ ጓንቱ ለእያንዳንዱ ሰው ይቀየራል?

ብዙዎቻችሁ ላታምኑኝ ትችላላችሁ። እስከ 1980ዎቹ ድረስ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ አብዛኞቹ የጥርስ ሐኪሞች በባዶ እጃቸው ነበር የሚሠሩት። ከ1970 እስከ 1987 ባለው ጊዜ በአሜሪካ የጉበት ቫይረስ ቢ ከጥርስ ሕክምና ባለሙያ ወደ ታካሚዎች የተላለፈባቸው 9 ወረርሽኞች ተመዝግበዋል።

ነገሩን ሁሉ የቀየረው ግን የአንዲት ወጣት ታሪክ ነው። ኪምበርሊ በርጋሊስ በፍሎሪዳ የምትኖር ተማሪ ነበረች። በታኅሣሥ 1987፣ በ19 ዓመቷ፣ ዴቪድ ኤሰር የተባለ የጥርስ ሐኪም ሁለት መንጋጋዎቿን ነቀለላት። ሐኪሙ ኤድስ እንዳለበት አላወቀችም። ሁለት ዓመት ያህል ቆይታ እሷም በኤድስ ታመመች። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ጉዳዩን በሐምሌ 1990 ይፋ አደረገ። ኤሰር በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ሞተ። ምርመራው ሲያልቅ ከእሱ ታካሚዎች 6ቱ በቫይረሱ መያዛቸው ታወቀ።

ቫይረሱ በትክክል በምን መንገድ እንደተላለፈ እስከ ዛሬ አልታወቀም። መርማሪዎቹ ያረጋገጡት ግን አንድ ነገር አለ። በክሊኒኩ ስለ ንጽህና የተጻፈ ደንብ አልነበረም፤ ሠራተኞቹ በዚህ ጉዳይ ሥልጠና አልተሰጣቸውም፤ አውቶክሌቩ የሚሠራበት ወጥ ሥርዓትም አልነበረም።

በርጋሊስ በመስከረም 1991 ሰውነቷ አልቆ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጣ፣ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ምስክርነት ሰጠች። በታኅሣሥ 8 ቀን 1991 በ23 ዓመቷ አረፈች። ወላጅ የሆናችሁ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብላችሁ አስቡት። ልጅህን ጥርስ አስነቅለህ ትመለሳለህ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ትቀብራታለህ።

ያኔ አገሩ ሁሉ በቁጣ ተነሣ። የጤና ባለሙያ ሁሉ በግዴታ ይመርመር የሚል ጥያቄ በረታ። የጤና ባለሥልጣናቱ የመረጡት ግን ሌላ መንገድ ነው። ማን ታማሚ እንደሆነ ከማደን ይልቅ፣ እያንዳንዱ ሰው ቫይረስ ሊኖርበት እንደሚችል ቆጥሮ ለሁሉም እኩል ጥንቃቄ ማድረግ የሚለውን አጠናከሩ። በታኅሣሥ 1991 የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ከደም ጋር ለሚነካካ ሠራተኛ ሁሉ ጓንት፣ ጭምብልና ነፃ የጉበት ቢ ክትባት እንዲቀርብ አስገዳጅ ደንብ አወጣ። በ1992 እና በ1993 ደግሞ የጥርስ መቦርቦሪያው ጭምር ከአንድ ታካሚ ወደ ሌላው ሲያልፍ በሙቀት እንዲነጻ ተመከረ። በጥጥና በአልኮል መጥረግ በቂ አይደለም የተባለው ያኔ ነው። መቦርቦሪያው በሥራ ላይ ምራቅና ደም ወደ ውስጡ ሊስብ ይችላል፤ ጥጡ ደግሞ ከላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያገኘው።

ያን ቀን በክሊኒኩ ዝም ስል ይህን ሁሉ አውቅ ነበር።

ጥያቄ 4፦ መዝገቡ የታለ?

ተቆጣጣሪ አውቶክሌቩን አይቶ ብቻ አይሄድም። «መቼ ተፈተሸ? ውጤቱ የታለ?» ብሎ መዝገብ ይጠይቃል። ለምን መሰላችሁ?

በ2013 በአሜሪካ ኦክላሆማ፣ ተልሳ ከተማ፣ አንድ ታካሚ በምርመራ የጉበት ቫይረስ ሲ ተገኘበት። ለበሽታው የሚያጋልጥ ሌላ ምክንያት አልነበረውም፤ ስለዚህ ጥያቄው ወደ ጥርስ ሐኪሙ አመራ። ተቆጣጣሪዎች ክሊኒኩ ሲገቡ የዛጉ ዕቃዎች፣ ጊዜያቸው ያለፈባቸው መድኃኒቶች፣ ፈቃድ ሳይኖራቸው በደም ሥር ማደንዘዣ የሚሰጡ ረዳቶች አገኙ። አውቶክሌቭም ነበር። ግን በየወሩ መፈተሽ ሲገባው ለ6 ዓመት አልተፈተሸም።

ከሁሉ የገረመኝ ሌላ ነው። ክሊኒኩ ሁለት ዓይነት የዕቃ ስብስብ ነበረው፤ አንዱ ተላላፊ በሽታ እንዳለባቸው ለሚታወቁ ታካሚዎች፣ ሌላው ለቀሩት። ጥንቃቄ ይመስላል አይደል? የበርጋሊስ ታሪክ ያስተማረውን ግን ፈጽሞ የዘነጋ ነው። ቫይረስ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ራሱም አያውቅም። «ይህ ንጹሕ ነው፣ ይህ ታማሚ ነው» ብሎ ዕቃ የሚለይ ሰው አንዱን ስብስብ በሚገባ ሳያነጻ ለሌሎች እየተጠቀመበት ነው ማለት ነው።

7,000 ገደማ ታካሚዎች እንዲመረመሩ ጥሪ ተደረገላቸው፤ ከ4,000 በላይ ተመረመሩ። በዘረመል ምርመራ የጉበት ቫይረስ ሲ በዚያ ክሊኒክ ከአንድ ታካሚ ወደ ሌላ ታካሚ መተላለፉ ተረጋገጠ። በአሜሪካ በጥርስ ሕክምና ቦታ እንዲህ ያለ መተላለፍ ሲረጋገጥ የመጀመሪያው ነበር።

እንግዲህ ማሽኑ መኖሩ ብቻ ዋስትና አይሆንም። አውቶክሌቭ ሊሞቅ፣ ሊጮህ፣ መብራቱ ሊበራ ይችላል፤ ውስጡ ግን ተገቢው ሙቀት ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ እነዚያን ቅርፊት ለበስ ስፖሮች የያዘ መፈተሻ አብሮ ይገባል። ከሞቱ ማሽኑ ሠርቷል፤ ካልሞቱ አልሠራም። ውጤቱ ከነቀኑ ይጻፋል። መዝገቡ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

ጥያቄ 5፦ ውሃው ከየት ይመጣል?

ይህኛው በተለይ ለወላጆች ነው። ጥርስ ሲቦረቦር የሚረጨው ውሃ በጣም ቀጭን ቱቦ ውስጥ አልፎ ይመጣል። ሌሊትና ቅዳሜ እሑድ ውሃው እዚያው ይቆማል። በቱቦው ግድግዳ ላይ የሚያዳልጥ የባክቴሪያ ሽፋን ይበቅላል፤ የቆየ የውሃ በርሜል ውስጡ እንደሚያዳልጠው ማለት ነው።

በ2011 በጣሊያን አንዲት የ82 ዓመት አዛውንት በከባድ የሳንባ ምች ሞቱ። የገደላቸው ሊጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ከታከሙበት የጥርስ ክሊኒክ የውሃ ቱቦ ውስጥ ተገኘ።

በ2015 ደግሞ በአሜሪካ ጆርጂያ የወተት ጥርሳቸው ነርቭ የታከመላቸው ሕፃናት መንጋጋቸውና አንገታቸው እያበጠ ወደ ሆስፒታል መምጣት ጀመሩ። በሆስፒታሉ ኢንፌክሽን የሚከታተል ሐኪም ነገሩን አያይዞ ለጤና ቢሮ አሳወቀ። የሁሉም መነሻ አንድ የሕፃናት የጥርስ ክሊኒክ ነበር። በክሊኒኩ 7 የሕክምና ወንበሮች ነበሩ፤ የሁሉም ውሃ ተመረመረ። የሚፈቀደው በአንድ ሚሊ ሊትር እስከ 500 ባክቴሪያ ሲሆን የተገኘው በአማካይ ከ90,000 በላይ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ተመሳሳይ ነገር በካሊፎርኒያ አናሃይም ከተማ ደረሰ፤ በዚያ የታመሙት ሕፃናት እጅግ ይበዙ ነበር። አንዳንዶቹ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ቋሚ ጥርሳቸውን አጡ።

ውሃው ሲታይ ንጹሕ ነበር። ልጆቹን ያከመው ሐኪምም ክፋት አልነበረበትም። ቱቦውን የመረመረው ሰው አልነበረም እንጂ።

ጥያቄ 6፦ ኦክስጅን አለ?

ሙሉ ማደንዘዣ በዓለም የገባው በጥርስ ሐኪሞች እጅ ነው። ሆረስ ዌልስ በ1844 የሳቅ ጋዝን ሞከረ፤ ዊልያም ሞርተን በ1846 በቦስተን ኤተርን በሕዝብ ፊት አሳየ። ሁለቱም የጥርስ ሐኪሞች ነበሩ። ዓለም ያለ ሥቃይ ቀዶ ሕክምና ማድረግ የቻለው በእነሱ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ በረከት አደጋም ነበረው። በብሪታንያ ለአሥርት ዓመታት ልጆች በሰፈር የጥርስ ክሊኒክ ሙሉ በሙሉ ተደንዝዘው ጥርሳቸው ይነቀል ነበር። አንዳንዶቹ አልነቁም። በ1990 የወጣ አንድ የባለሙያዎች ሪፖርት ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ ሞቱ ግን አላቆመም። በመጨረሻ ከ2001 ማብቂያ ጀምሮ ሙሉ ማደንዘዣ ለጥርስ ሕክምና በሆስፒታል ብቻ እንዲሰጥ ተወሰነ። ኦክስጅኑና የድንገተኛ ጊዜ መድኃኒቱ ባይነካም በየጊዜው የሚፈተሸው ለዚህ ነው።

ተቆጣጣሪው የማያየው

በእንግሊዝ አገር የጥርስ ክሊኒኮች ከሚያዝያ 2011 ጀምሮ በጤና ጥራት ተቆጣጣሪ ኮሚሽኑ መመዝገብ ግዴታቸው ነው። ተቆጣጣሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከጥርስ ሕክምና ባለሙያ ጋር ይመጣሉ። አምስት ነገር ይጠይቃሉ፦ ደህንነቱ የተጠበቀ ነው? ሕክምናው ውጤት ያመጣል? ርኅራኄ አለው? ለታካሚው ፍላጎት ምላሽ ይሰጣል? በአግባቡ ይመራል? ሪፖርቱ ለሕዝብ ይወጣል፤ ማንም ሰው የሰፈሩን ክሊኒክ ሪፖርት ማንበብ ይችላል። ጥሩ ሥርዓት ነው።

ግን በዓመት የሚጎበኙት ከክሊኒኮቹ ጥቂቶቹን ብቻ ነው። ብዙ ጊዜም ቀኑ አስቀድሞ ይነገራል። እንግዳ እንደሚመጣ ያወቀ ቤት ደግሞ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን፤ ይጠረጋል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል።

በ2014 በዚያው አገር በኖቲንግሃም አካባቢ አንድ የጥርስ ሐኪም ከታካሚ ወደ ታካሚ ሲያልፍ ጓንት እንደማይቀይርና ዕቃውን በአግባቡ እንደማያነጻ ጥቆማ የሰጠ ሰው በድብቅ ካሜራ ቀርጾ አጋለጠው። ከ30 ዓመት በላይ የሠራ ሰው ነበር። 22,000 ያህል ታካሚዎቹ እንዲመረመሩ ተጠሩ፤ በአገሪቱ ታሪክ ትልቁ ጥሪ ነበር።

አሁን እስካሁን የነገርኳችሁን አያይዛችሁ ተመልከቱ። የፍሎሪዳውን ያወጣው የአንዲት ታካሚ ሕመም ነው። የተልሳውን የአንድ ታካሚ የምርመራ ውጤት፤ የጆርጂያውን አንድ ነቃ ያለ የሆስፒታል ሐኪም፤ የኖቲንግሃሙን ጥቆማ የሰጠ ሰው። አንዱንም በተለመደ ጉብኝቱ የመጣ ተቆጣጣሪ አይደለም ያገኘው። ይህን የምለው ቁጥጥር ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም። ጉድ ከወጣ በኋላ ዘግቶ፣ ጠርቶ፣ አስመርምሮ ሰው ያዳነው ቁጥጥር ነው። ግን ተቆጣጣሪ በዓመት አንድ ቀን ቢመጣ ነው። በቀረው ቀን በክሊኒኩ ወንበር አጠገብ የምትቆመው እናት ናት።

በእኛም አገር የጤና ተቋማትን የሚቆጣጠር አካል በአዋጅ ቁጥር 661/2002 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ተደንግጎ፣ ዛሬ ፈቃድ የመስጠትና የመቆጣጠር ሥራው በክልልና በከተማ አስተዳደር ተቆጣጣሪዎች ይከናወናል። ከተቆጣጣሪው ቁጥር የክሊኒኩ ቁጥር እንደሚበልጥ ግን መገመት አያዳግትም። ስለዚህ የእናንተ ዓይን ያስፈልጋል።

ምን ልጠይቅ?

በትሕትና፣ ቁጣ ሳይጨመርበት፣ እነዚህን መጠየቅ መብታችሁ ነው፦

✅ የክሊኒኩ የሥራ ፈቃድ በሚታይ ቦታ ተሰቅሏል? ዘመኑ አልፏል?

✅ የሚያክመኝ ባለሙያ ማነው? ሙያው ምንድን ነው?

✅ ዕቃው ከታሸገ ከረጢት ውስጥ እኔ እያየሁ ይወጣል? (ከረጢቱ ላይ በሙቀት ቀለሙ የሚቀየር ምልክት አለው። እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።)

✅ መቦርቦሪያውም በአውቶክሌቭ ይገባል ወይስ ይጠረጋል?

✅ ጓንቱ አዲስ ነው? በዚያው ጓንት ስልክ ተነክቷል? በር ተከፍቷል?

✅ የማደንዘዣ መርፌው አዲስ ነው? እኔ እያየሁ ተከፈተ?

✅ የልጄ ጥርስ ነርቭ ሲታከም የምትጠቀሙት ውሃ ምን ዓይነት ነው?

ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቀየምም። አውቶክሌቩ ያለበት ክፍል ድረስ ወስደው በደስታ የሚያሳዩ ባልደረቦች አውቃለሁ። ሐኪሙ ከተቆጣ ግን ቁጣው ራሱ መልስ ነው፤ ተነሥታችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ለጤናው ቢሮ ማሳወቅም ነገረኝነት አይደለም። ከእናንተ በኋላ የሚመጣ የሌላ ሰው ልጅ አለ።

⚠️ አደራ፣ ይህን አንብባችሁ ጥርስ ሐኪም እንዳትፈሩ። የነገርኳችሁ ክስተቶች ለዚህ ሁሉ ዘመን የሚታወሱት እምብዛም ስለማይደርሱ ነው። የተበላሸ ጥርስን ቤት አቆይቶ መግል እንዲይዝ መተው ከዚህ እጅግ የበለጠ ጉዳት አለው። መልሱ ሕክምናውን መሸሽ ሳይሆን ሳያፍሩ መጠየቅ ነው።

ወደ ልጄ ልመለስ። በማግስቱ ደሟን አስመረመርኩ፤ ከወራት በኋላ ደገምኩት። ደህና ናት፣ ተመስገን። የጉበት ቢ ክትባትም በሕፃንነቷ ከፔንታቫለንት ጋር ወስዳለች። ነገር ግን ደህና የሆነችው እኔ ስለጠበቅኳት አይደለም። ያን ቀን አልጠበቅኳትም።

ከሳምንት በኋላ ወደዚያው ክሊኒክ ተመለስኩ። ልቤ እየመታ ጠየቅኩት። ሐኪሙ አልተቆጣም። ዝም ብሎ ቆየና መቦርቦሪያ ያለው ሁለት ብቻ እንደሆነ፣ በመካከል አውቶክሌቭ ለማስገባት ጊዜ እንደማይበቃው ነገረኝ። ተጨማሪ መግዛት እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ታካሚ ጠይቆት አያውቅም። «ዶክተር፣ አንቺም እኮ አልጠየቅሽኝም» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሄጄ ሳይ ዕቃው ከታሸገ ከረጢት እየወጣ ነበር።

ለጻፍሽልኝ እናት፦ አዎ እህቴ፣ ጠይቂው። ቢቀየምሽም ጠይቂው። እኔ ያኔ ማለት ያቃተኝ «ይቅርታ ዶክተር፣ ይሄ መቦርቦሪያ አውቶክሌቭ ገብቷል?» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

እናንተስ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ምን መልስ አገኛችሁ? የክሊኒኩን ስም ሳትጠቅሱ ገጠመኛችሁን አካፍሉን። ልጇን ጥርስ ልታስነቅል ለተዘጋጀች እናት ሁሉ እንዲደርስ ሼር አድርጉት።